ስዊድን ያላችሁ አባቶች 90 ቀናችሁን አታቃጥሉ

ወንድሞቼ፣ በተለይ ስቶክሆልምና ጎተንበርግ ያላችሁ አዲስ አባቶች፣ ይሄን ነገር ደጋግሜ ስለማየው ነው የምጽፈው። እዚህ ለአንድ ልጅ 480 ቀን የወላጅ ፈቃድ ከነክፍያው አለ፣ ለሁለት ሲካፈል 240፣ 240 ማለት ነው፣ ከናንተ ድርሻ ውስጥ 90ውን ደሞ ለሚስቴ ልስጣት ብትሉ እንኳን አይተላለፍም፣ ካልወሰዳችሁት ተቃጠለ። አገር ቤት እኮ በአዋጅ 1156/2011 አባት የሚያገኘው 3 ቀን ነው! ይሄ ሁሉ ተሰጥቶን ኦቨርታይም ይቀርብኛል እያልን እንተወዋለን።

ሲወለድ የሚሰጠውን 10 ቀን ለአራሷ አድርጉት። እናቷ ቪዛ ካላገኙ ገንፎውን ማን ሊያገነፋላት ነው? አራስ ጥየቃ ለሚመጣው እንግዳም ቡናውን እናንተ አፍሉ፣ እናቶች "ውይ ልጄ አንተ ተቀመጥ" ይሏችኋል፣ እሺ ብላችሁ እንዳትቀመጡ።

90ውን ግን እሷ ስራ ስትመለስ ውሰዱት። እሷ ቤት እያለች ከሆነ ልጁ ሲያለቅስ ተቀበይኝ ነው የምትሉት፣ አለቀ። ብቻችሁን ስትውሉ ነው የትኛው ለቅሶ የርሃብ የትኛው የእንቅልፍ እንደሆነ የሚገባችሁ፣ ደሞ ዳጊስ (መዋእለ ህጻናት) ሳይገባ በፊት ቀኑን ሙሉ አማርኛ ከአፋችሁ ይሰማል። ሴት ልጅ ያላችሁ ፀጉር ማበጠር ልመዱ፣ ደረቁን አትጎትቱ፣ ውሃና ዘይት አስነክታችሁ ከጫፉ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ስሩ ውጡ፣ አታለቅስም። ዳጊስ ሲገባም የናንተ ስልክ መጀመሪያ ይመዝገብ፣ ሲያመው ቫባ ማድረግ (ከስራ ቀርቶ ከነክፍያው የታመመ ልጅ መጠበቅ) የእናት ብቻ አይደለም።

እህቶችም እባካችሁ ዳይፐሩን አጣሞ ቢያስር ከእጁ አትቀሙት፣ ይልመድ።

ይሄን አጥብቄ የምለው ተፋትተው ልጅ በየሳምንቱ ሲፈራረቁ ያኔ ገና ምን እንደሚበላ፣ ስንት ሰአት እንደሚተኛ እናትየው ጋ ደውለው የሚጠይቁ አባቶች ስላየሁ ነው፣ አንጀት ይበላል።

ለአሰሪ ቢያንስ ከ2 ወር በፊት ማሳወቅ አለባችሁ፣ በጽሁፍ ይሁን። ሰው የለኝም ቢላችሁም መብታችሁ ነው። ክፍያውን ፎርሼክሪንግስካሳን (የመንግስት ማህበራዊ ዋስትና መስሪያ ቤት) ላይ ራሳችሁ ታመለክታላችሁ፣ ልጁ 4 አመት ከሞላው በኋላ ለሁለታችሁም በድምሩ ከ96 ቀን በላይ ማቆየት አይቻልም፣ ስለዚህ በኋላ እወስደዋለሁ እያላችሁ አታሳድሩት።