መልስ፦ ስለ ሞርጎን ቀይ ወይን

ጠርሙሱ ላይ «ሞርጎን» ከሚለው በቀር የአካባቢ ስም ስላላገኙ፣ ወይኑ የየት እንደሆነና ከምን ምግብ ጋር እንደሚስማማ ጠይቀዋል። ሞርጎን በፈረንሳይ፣ ከሊዮን ከተማ በስተሰሜን በሚገኘው ቦዦሌ በተባለው የወይን አምራች አካባቢ፣ በራሳቸው ስም ወይን እንዲሸጡ ከተፈቀደላቸው 10 ሥፍራዎች አንዱ ነው። የሚጠመቀው ጋሜ ከሚባለው ጥቁር የወይን ፍሬ ሲሆን፣ የቡርጎኝ መስፍን የነበረው ፊሊፕ ደፋሩ እ.ኤ.አ. በ1395 ይህ ዝርያ ከግዛቱ እንዲነቀል አዝዞ ነበር፤ በእኔ አስተያየት ትእዛዙ ጋሜን በእጅጉ የበደለ ነው። በተለመደው የአካባቢው አሠራር ዘለላው ሳይፈለፈል በሙሉው በጋን ውስጥ ስለሚከተትና መፍላቱ ከፍሬው ውስጥ ስለሚጀምር፣ ወይኑ የቼሪ መዓዛው ጎልቶ፣ አፍ የሚያደርቀው ታኒን ግን ለስለስ ብሎ ይወጣል። ይሁን እንጂ ሞርጎን በኅዳር ወር ገና በትኩስነቱ ከሚሸጠው ቦዦሌ ኑቮ ጋር አይወዳደርም፤ በተለይ ኮት ዱ ፒ ከተባለው ኮረብታ የሚገኘው ጠንከር ያለ በመሆኑ ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል።

ለምግቡ፣ የተጠበሰ ዶሮ ወይም የሊዮን ቋሊማ ይመረጣል። ከመቅረቡ በፊት ለግማሽ ሰዓት ያህል ማቀዝቀዣ ውስጥ ያቆዩት፤ ሲሞቅ አልኮሉ ፍሬያማ ጣዕሙን ይጫነዋል።