«ነፃ ፈቃድ» ማን የሰጠው ፈቃድ ነው?

ጥያቄ፦ «ሰው ነፃ ፈቃድ አለው ከተባለ ፈቃድ ሰጪ አለ ማለት አይደለም? እንደ መንጃ ፈቃድ ከላይ የሚሰጥ ከሆነ ነፃነቱ ምኑ ላይ ነው? ‹ያለ እግዚአብሔር ፈቃድ ምንም አይሆንም› ስንልስ ክፉውንም እርሱ ይሻዋል ማለታችን ነው?»

መልስ፦ ጠያቂውን ያደናቀፋቸው ሃይማኖቱ ሳይሆን ቃሉ ነው። ፈቀደ በግእዝ ሻ፣ ፈለገ፣ ወደደ ማለት ነው፤ የሚያስፈልግ ነገር «መፍቅድ» መባሉም ከዚሁ ነው። «ይኩን ፈቃድከ» የሚል ጸሎተኛ «የወደድኸው ይሁን» ይላል እንጂ የይለፍ ወረቀት አይጠይቅም። «ይሁን ብሎ መተው» የሚለው ፍች በአማርኛ ጎልቶ የቀድሞውን ሸፈነው። ስለዚህ ነፃ ፈቃድ ያልተገደደ መሻት ነው። ተቃራኒው ክልከላ ሳይሆን ግድ ነው፤ «በውድም በግድም» እንደምንለው።

ሁለቱን ፍች የሚለየው ሰዋስው ነው። ግሱ «ለት»ን ወይም «ላቸው»ን ካስከተለ መተው ነው፦ ፈቀደለት። ካላስከተለ አብዛኛውን ጊዜ መሻት ነው፦ «እግዚአብሔር ቢፈቅድ እንገናኛለን»። ስሙም ከሰጠ፣ ከጠየቀና ከነሣ ጋር ሲሄድ የመንጃው ዓይነት ፈቃድ ነው፤ ከፈጸመና ከአደረገ ጋር ሲሆን ግን መሻት ነው። «ያለ እግዚአብሔር ፈቃድ» የሚያሳስተው የሚለየው ግስ አጠገቡ ስለሌለ ነው። ስለ ክፉው ሲጻፍ «እግዚአብሔር ሳይፈቅድለት ሰይጣን ኢዮብን አልነካም»፣ ስለ በጎው ሲጻፍ «እግዚአብሔር ወዶ» ቢባል አንባቢ አይሳሳትም።

«ቃሉ አንድ ስለሆነ በእኛ ዘንድ መሻትና መተው አንድ ናቸው» የሚሉ አሉ። ይህ ዶግማን ከመዝገበ ቃላት መቅዳት ነው። የቤተ ክርስቲያን መምህሩ ዮሐንስ ዘደማስቆ በ8ኛው ክፍለ ዘመን እግዚአብሔር የሚወደውንና ይሁን ብሎ የሚተወውን ለየ፤ የፕሮቴስታንቱ መምህር ካልቪን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ይህን ልዩነት አልቀበልም አለ። ካልቪን ግን ቮሉንታስ (መሻት) እና ፔርሚሲዮ (ይሁን ብሎ መተው) የሚሉ ሁለት የላቲን ቃላት በእጁ ነበሩት፤ ልዩነቱን የነቀፈው ቃል አጥሮት አይደለም።

ይልቅ እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። እኛ «ነፃ ፈቃድ» የምንለውን ላቲኑ ያለው ሊቤሩም አርቢትሪዩም ነው፤ አርቢተር ደግሞ ዳኛ ነው። እንደ ቃሉ ከሄድን «ነፃ ብያኔ» ይሆናል። የግሪኩ አውቴክሱሲዮንም በራስ ላይ ማዘዝ ነው። የመሻትና የብያኔ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪው ሉተር በ1525 እ.ኤ.አ. ለነፃ ፈቃድ የተከራከረውን ሊቅ ኤራስመስን ሲሞግት ኃጢአተኛ ወዶ እንጂ ተገዶ እንደማይበድል አልካደም፤ የካደው ሰው በራሱ ኃይል ወደ እግዚአብሔር መመለስ መቻሉን ነው። «ያልተገደደ መሻት» የሚለውን እርሱም ይፈርምበት ነበር! በፊልጵስዩስ 2፥13 የ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱስ ለሰው «መፈለግን»፣ ለእግዚአብሔር «በጎ ፈቃዱን» ብሎ በሁለት ቃል ማስቀመጡን እወድለታለሁ። «ነፃ ብያኔ» ግን ጊዜው አልፎበታል፤ ማንም አይለውም።

ስለ ፊደሉም፦ «ነፃ» ከግእዙ ነጽሐ (ንጹሕ ሆነ) ነውና በጸሎቱ ጸ «ነጻ» መባል ነበረበት። ንጹሕ ወንድሙ ነው፤ ተከሳሽ «ነጻ ወጣ» ሲባልም ከበደል መንጻቱ ነው። አገሩ ሁሉ በፀሐዩ ፀ ይጽፈዋል፤ እኔም፣ እንደምታዩት፣ ርእሱ ላይ በፀሐዩ ጽፌዋለሁ።