ጅማ ላይ የልጆች መጫወቻ ልትከፍቺ ላልሽው እህት

«ግድግዳውን ስፓይደርማን ላስል ወይስ ፍሮዝን? ትልልቆቹ ፓርኮችስ ፊልም የሚመርጡት በምን ነው?» ብለሽ ነበር። እዚሁ ጅማ እዚሁ ሥራ ላይ ስላለሁ የማውቀውን ልንገርሽ።

1. ዝና ብቻ አይተው አይመርጡም። ተመልካቹን «ምነው እዚያ ቦታ በሆንኩ» የሚያሰኝ ፊልም ነው የሚፈልጉት። ዩኒቨርሳል እ.ኤ.አ. በ2010 ኦርላንዶ ላይ የሃሪ ፖተርን መንደር ሲከፍት ሰው በታሪኩ ውስጥ የሚጠጣውን በተርቢርና የአስማት ዱላውን ለመግዛትም ተሰልፏል። የዲስኒው ፓንዶራ፣ የአቫታር ፊልም ዓለም የተሠራበት ቦታ፣ በ2017 ሲከፈት ደግሞ አቫታር ከወጣ ስምንት ዓመት ሊሞላው ነበር፤ ሁለተኛው ክፍል የመጣው በ2022 ነው። ታዲያ ሰዉ የሄደው ተንሳፋፊዎቹን ተራሮች ብሎ ነው።

2. መብት። ዲስኒ የስፓይደርማንን ፈጣሪ ኩባንያ ማርቭልን በ2009 በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው፤ ግን ማርቭል ቀድሞ ከዩኒቨርሳል ጋር ተዋውሎ ስለነበር ኦርላንዶ ላይ የስፓይደርማን ጨዋታ ያለው ዛሬም ተፎካካሪው ግቢ ውስጥ ነው። ባለቤት ሆነሽም አትነኪውም!

3. እኔ የቦዬን፣ የጅማ ዳሩን ረግረግ፣ ጉማሬ መረጥኩ፤ ሸርተቴ አድርጌ አሠራሁት። ፈረንጅ ሳላስፈቅድ፣ ለጅማ ልጅ ማስተዋወቅ ሳያስፈልገኝ። ልጆቹ በጅራቱ በኩል በመሰላል ይገባሉ፣ ሸርተቴው በአፉ ያወጣቸዋል። ሁሌ አንዷ ጥርሱን በሁለት እጇ ጨብጣ «አልወርድም» ትላለች፣ ከኋላ ያሉት ይጮኹባታል። ወላጅ ደግሞ ከታች ስፕሪሱን ይዞ ይጠብቃል፤ የኔም በተርቢር እሱ ነው፣ ከመግቢያው ይበልጥ ያተርፋል።

ታፔላ ላስፈቅድ ስሄድ ግን ያየሁትን ልንገርሽ። ሰውየው ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ ወረቀቴን ገለበጠና «ይሄ ካርቱን የማን ነው? ከባለቤቱ ደብዳቤ አምጣ» አለኝ። የቦዬ ጉማሬ ነው እኮ አልኩት። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ነገ ና»። ነገ ስሄድ ኃላፊው ስብሰባ ላይ፣ ከነገ ወዲያም ስብሰባ ላይ። ከተማው ሙሉ ሚኪ ማውስ በየአጥሩ ተስሎ ደብዳቤ የሚጠየቀው ጉማሬ! መጨረሻ ላይ የቀበሌያችን አንድ ሽማግሌ ስዕሉን አይተው እስኪያማቸው ሳቁና ይዘውኝ ገቡ፤ በዚያው ጠዋት ማኅተም ተመታ።

አንቺ ስትሄጂ ጠዋት ሂጂ፣ የታፔላው ጽሑፍ አፋን ኦሮሞው ከላይ ይሁን፣ ቀለሙንም ክረምት ሳይገባ ጨርሺ። የበያጁን ስልክ ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ጉማሬውን ግን እንዳትደግሚው፣ የኔ ነው።