ሞተሩን ከማሰራችሁ በፊት ማዕዘኑን ለኩ

ለፋሲካ ከዴንቨር የመጣው የእህቴ ልጅ ሁለተኛውን ስኒ ሳይጨርስ ጥያቄውን አመጣ። "አጎቴ፣ ሞተር ሳይክሌን ከትራኩ ካቢን ጀርባ ጭኜ ልዙር ብያለሁ። በምን ልሰረው?"

ይኸው ጥያቄ በስልክም ይመጣልኛል። አሜሪካ ትራክ የሚነዳ ሐበሻ ብዙ ነው። ሎድ (ጭነት) እስኪገኝ ቅዳሜና እሁድን ፓርኪንግ ውስጥ ተቀምጦ መዋል እንዴት እንደሚያንገበግብ አውቃለሁ። እኔም 11 ዓመት ነድቻለሁ። ሞተርም ጭኜ ነበር፤ ጉድ ሆኛለሁ።

የማሰሪያው ነገር ይቆየን። መጀመሪያ የሚጠየቀው፣ ትራኩ ሲታጠፍ የተሳቢው ማዕዘን የት ይደርሳል የሚለው ነው።

ቤቴ ገላን ነው፣ የጂቡቲ መኪኖች ከሚያድሩበት ሜዳ አጠገብ። ልጁን ይዤው ወጣሁ። መሬት ላይ ምስማር መታሁ። ምስማሩ ኪንግ ፒን ነው እንበል፣ ተሳቢው የሚዞርበት እንብርት። የአሜሪካ ረጅም ተሳቢ ግንባሩ ከኪንግ ፒኑ አብዛኛውን ጊዜ 36 ኢንች ይርቃል፤ 91 ሳንቲሜትር መሆኑ ነው። ወርዱ 102 ኢንች ነው፣ 2.6 ሜትር ገደማ። ግንባሩን በኖራ አሰመርኩና ከምስማሩ እስከ ማዕዘኑ ሲባጎ ዘረጋን። 1.59 ሜትር መጣ። ልጁ ሲባጎውን ይዞ ዞረ። ማዕዘኑ ከግንባሩ መስመር 67 ሳንቲሜትር አልፎ ወደ ካቢኑ ገባ። "እንዴ!" አለ።

የሚሸውደው ይሄ ነው። መኪናው ቀጥ ብሎ ሲቆም ከካቢኑ ጀርባ ሰፊ ቦታ ይታያል። ትራኩና ተሳቢው 55 ዲግሪ ገደማ ሲታጠፉ ያ ቦታ የለም። አውራ ጎዳና ላይ ደግሞ ማን እንደዚያ ይታጠፋል? እኔ ኔቫዳ እስክደርስ ብዙ ቀን ምንም ሳልሆን ነዳሁ። ጠባብ የመጋዘን ግቢ ውስጥ ወደ ኋላ ስገባ "ቋ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወርጄ ሳይ የሞተሩ መሪ ተጣሞ ታንኩን በስቶታል፤ ቤንዚኑ በአየር ቱቦዎቹ ላይ ይንጠባጠባል። ማሰሪያው አንድም አልተፈታም። አስተሳሰሬስ ደህና ነበር።

ስለዚህ ከካቢኑ ጀርባ እስከ ኪንግ ፒኑ ለኩ። 1.59 ሜትር ቀንሱ። የቀረው ላይ ሞተሩ ከነመሪው መግባት አለበት፣ ትርፍ ቦታም መተው አለበት። ተሳቢ በቀየራችሁ ቁጥር ደግሞ እንደገና ለኩ። ማቀዝቀዣ ያለው ተሳቢ ግንባሩ ላይ ማሽን ተሸክሟል። ፊፍዝ ዊሉን፣ ኪንግ ፒኑ የሚቆለፍበትን የትራኩን መቀመጫ፣ ወደ ኋላ ገፋ ማድረግ ቦታ ይሰጣል፤ ያኔ ግን ክብደቱ ከፊት ጎማዎች ወደ ነጂዎቹ ጎማዎች ይሄዳል። እነሱ ላይ የሚፈቀደው 34,000 ፓውንድ ነው፣ ጠቅላላው 80,000። ሞተሩ ከነመሸከሚያው ቀላል አይደለም። ሎዱ ከባድ ከሆነ መጀመሪያ ሚዛን ላይ ውጡ።

ሞተሩ ወደ ጎን ስለሚቆም ርዝመቱም ከትራኩ ወርድ ማለፍ የለበትም። ትላልቆቹ የረጅም ጉዞ ሞተሮች 2.6 ሜትር ይደርሳሉ፤ እነሱን እርሷቸው። ማርሚታው ከካቢኑ ጀርባ ወደ ላይ የወጣ ትራክ ከሆነ ደግሞ ሙቀቱ ወንበሩን ያቀልጠዋል።

አሁን ወደ ማሰሪያው። የአሜሪካ ሕግ የማሰሪያዎቹ የመሸከም አቅም ተደምሮ ቢያንስ የዕቃውን ክብደት ግማሽ ይሁን ይላል። እንደ ሞተር ከ5 ጫማ በላይ ለረዘመ ዕቃ ቢያንስ ሁለት ማሰሪያ ያስፈልጋል። እኔ አራት እላለሁ፣ ሁለት ከፊት ሁለት ከኋላ። የፊቱ ሞላ ግማሽ ድረስ ይታመቅ እንጂ እስከ መጨረሻው አይጨፍለቅ። ማሰሪያው ስለታም ብረት የሚነካበት ላይ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ አድርጉ። የአየር ቱቦዎቹና የመብራት ገመዱ ሞተሩን እንዳይነኩ። በተነሳችሁ በመጀመሪያዎቹ 50 ማይሎች ውስጥ ቆማችሁ እዩ፤ ከዚያ በየ3 ሰዓቱ ወይም በየ150 ማይሉ፣ የቀደመው። እዚህ የጂቡቲ መስመር ረዳት መኪና በቆመ ቁጥር ወጥቶ ገመዱን በጥፊ መታ መታ ያደርጋል። እዚያ ረዳቱም እናንተው ናችሁ።

የሰው ትራክ የምትነዱ ከሆነ ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ። ሞተሩ ካቢን ጀርባ እያለ ቢጎዳ ማን እንደሚከፍልም ኢንሹራንሳችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ። እኔ አልጠየቅኩም፤ ከኪሴ ከፈልኩ። "ሲያረጅ ወደ አገር ቤት እልከዋለሁ" ለምትሉም፣ አዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን ገድባለች።

የእህቴ ልጅ ዴንቨር እንደገባ ለክቶ ላከልኝ። ከካቢን እስከ ኪንግ ፒን 2.40። ሲቀነስ 81 ሳንቲሜትር። የሞተሩ መሪ 84። በሳምንቱ ፎቶ ላከ፦ ካቢኑ ውስጥ አልጋው ሥር የገባች ታጣፊ ብስክሌት።