በጂም የደረሰ ትንኮሳ የዲሲፕሊን ጉዳይ ነው ወይስ አይደለም?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን በአጭሩ ልድገመው። በዩኒቨርሲቲው ጂም ሁለት ተማሪዎች አንቺ በምትገቢበት ሰዓት እየመጡ ስለ ሰውነትሽ ያወራሉ፤ አንደኛው በስልኩ ይቀርጽሻል። ለተረኛው ስትነግሪው ደግሞ «እዚህ መዝናኛ ነው፤ ዲሲፕሊን የክፍልና የፈተና ጉዳይ ነው የሚያየው» አለሽ።

ተረኛው ተሳስቷል። የተማሪዎች ሥነ ምግባር ደንብ በተለምዶ በክፍልና በፈተና አይወሰንም። ጂሙ፣ ሜዳው፣ መዋኛው፣ ልብስ መቀየሪያው፣ ለውድድር የሄደው አውቶቡስ ሳይቀር በደንቡ ሥር ነው። ብዙዎቹ ደንቦች በቴሌግራም የተላከንም ነገር ይይዛሉ። «የተፈጻሚነት ወሰን» የሚለውን አንቀጽ ፈልጊና ቁጥሩን ማመልከቻሽ ላይ ጥቀሺው። ቁጥር የተጠቀሰበትን ማመልከቻ «አይመለከተንም» ብሎ መመለስ ይከብዳል።

ግራ መጋባቱ የሚመጣው ሁለት የተለያየ ሥልጣን ስላለ ነው። የጂሙ አስተዳደር ሰውየውን በተጠቃሚነቱ ይቀጣዋል፦ ለዕለቱ ያስወጣዋል፣ መግቢያውን ያግድበታል። የዲሲፕሊን ኮሚቴው የሚቀጣው ግን በተማሪነቱ ነው፤ ቅጣቱም ከጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተነስቶ እስከ መባረር ይደርሳል። ብዙ ጉዳይ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ጂሙ «ለሁለት ሳምንት አግደነዋል» ይላል፣ ተበዳይዋም አለቀ ብላ ትተወዋለች። በልጁ የተማሪ ፋይል ላይ ግን ምንም አልተጻፈም፤ ነገ ሌላዋን ሲተነኩስ እንደ መጀመሪያ ጥፋት ይታይለታል። ስለዚህ ለጂሙም ለተማሪዎች ዲን ቢሮም በጽሑፍ አስገቢ፤ ገቢ የተደረገበትን ቀንና ፊርማ ያለበትን ቅጂ አንቺ ጋ አስቀሪ።

ትንኮሳ ተብሎ የሚያዘው በአብዛኛው ያልተፈለገ ሆኖ የተደጋገመ ወይም አንዴም ቢሆን ከባድ የሆነ ድርጊት ነው። በጨዋታ መሀል «ዛሬ አንለቃችሁም» መባባል ትንኮሳ አይደለም። በፆታ፣ በብሔር፣ በሃይማኖት ወይም በአካል ጉዳት ላይ ያነጣጠረ ስድብ ግን ጨዋታ ላይ ስለተነገረ ብቻ አይታለፍም። «ቀልድ ነው» የሚለው መከላከያም ብዙ አያስኬድም፤ ተጠቂዋ ላይ ያመጣው ውጤትም ይመዘናልና። ልብስ መቀየሪያ ውስጥ መቅረጽ አንዴ መሆኑ በቂ ነው። የስፖርት መሣሪያዎቹ ባሉበት አዳራሽ ከሆነ ግን «ራሴን ነበር የምቀርጸው» ይላል፤ እዚያ የሚያስይዘው ድግግሞሹና ተው ከተባለ በኋላ መቀጠሉ ነው። አንዴ ጮክ ብለሽ «አትቅረጸኝ» ማለትሽ ይጠቅማል። ከፈራሽ ግን አለማለትሽ አቤቱታሽን አያስጥለውም።

አሁን ወደ ጽሑፉ። ኮሚቴ ፊት የሚወድቁት አቤቱታዎች አብዛኞቹ እንዲህ የተጻፉ ናቸው፦ «ሁልጊዜ ይሰድቡኛል፣ ያስቸግሩኛል።» ከዚህ ዓረፍተ ነገር የሚጣራ ነገር የለም። እንዲህ ጻፊው፦ «ማክሰኞ ከምሽቱ 12፡40፣ መሮጫ ማሽኑ ጋ። ቀይ ሹራብ የለበሰው ‹…› አለኝ፤ ሌላው ከኋላዬ ሁለት እርምጃ ርቆ ስልኩን ወደ እኔ አዙሮ ያዘ። ተረኛው ጠረጴዛው ጋ ነበር።» ነጥቦቹ ቦታ የተናገሩትን ቃል በቃል አስገቢ፤ አስቀያሚ ስለሆነ አታለስልሺው። በዚያው ቀን የተጻፈ ማስታወሻ ከወር በኋላ ከሚታወስ ነገር ይበልጣል።

ማስረጃ ላይ ቶሎ በይ። የደህንነት ካሜራ ቅጂ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ በራሱ ይደመሰሳል። ስለዚህ የምርመራውን መጀመር ሳትጠብቂ ቀንና ሰዓት ጠቅሰሽ ቅጂው እንዲቀመጥ በጽሑፍ ጠይቂ። ቅጂው ለአንቺ ባይሰጥሽ አትከራከሪ፤ መቀመጡ ነው ዋናው። መግቢያው ላይ ካርድ የሚነካ ከሆነ የመግቢያ መዝገቡም እንዲያዝ አክይበት፤ አንቺን ተከትለው በየቀኑ መግባታቸውን ከሰው ምስክር በላይ የሚያሳየው እሱ ነው። መልእክት ከላኩልሽ የላኪው ስምና ቀኑ የሚታይበት ስክሪንሹት ያዢ፣ ዋናውንም አታጥፊው። የራስሽን መልስ ቆርጠሽ ካስቀረሽ ሌላኛው ወገን ሙሉውን ያመጣና እምነት የማይጣልብሽ ያስመስልሻል።

ፎቷቸውን ግሩፕ ላይ እንድትለጥፊ የመከሩሽን አትስሚ። ጓደኞችሽም ሄደው እንዳያስፈራሯቸው። አንዱን ካደረግሽ ጉዳዩ «የሁለት ወገን ጠብ» ይሆንና አንቺም ተከሳሽ ሆነሽ ትቀርቢያለሽ።

ማመልከቻው ላይ ጊዜያዊ የመከላከያ ትእዛዝ መጠየቅ አትርሺ፦ እንዳይቀርቡሽ፣ በሰው በኩልም መልእክት እንዳይልኩ፣ ጂም የሚገቡበት ሰዓት እንዲለይ። ብዙ ጊዜ የሚቀርብልሽ «አንቺ ሰዓት ቀይሪ» የሚል ነው፤ ሰዓቱን መቀየር ያለባቸው እነሱ መሆናቸውን በጨዋነት ግን በጽሑፍ መልሺ። አቤቱታ በማቅረብሽ ቢበቀሉሽ በብዙ ደንቦች ራሱን የቻለ ሌላ ጥፋት ነው፤ በአዲስ ማመልከቻ አስገቢው።

ውሳኔው ካላረካሽ የይግባኝ ቀኑን ወዲያው ቁጠሪ፤ ብዙውን ጊዜ አጭር ነው። «ቅጣቱ አነሰ» ብቻ ብለሽ አትጻፊ፤ ያልተሰማ ምስክር ወይም ያልታየ ቅጂ ካለ እሱን አስቀድሚ። ነክተውሽ ወይም ዝተውብሽ ከሆነ ደግሞ ፖሊስ ጋ ለመሄድ የኮሚቴውን ውሳኔ መጠበቅ የለብሽም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ።