የፑሌጃ ኩሽኔታ ብቻውን ይቀየራል ወይስ ፑሌጃው በሙሉ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። መኪናህ አሮጌ ነው፤ ጠዋት ስታስነሳው ይጮሃል። ቺንጋውን፣ ማለትም ሞተሩ ላይ የሚዞረውን የጎማ ቀበቶ፣ ቀየርክ፤ ጩኸቱ ግን አልጠፋም። አሁን ደግሞ የቺንጋ መወጠሪያው ፑሌጃ (ቺንጋው የሚያልፍበት ተሽከርካሪ ክብ) ነው ብለውሃል። የጠየቅከው ፑሌጃው መሃል ያለውን ባለ ኳስ ቀለበት፣ ኩሽኔታውን ብቻ መቀየር ይቻል እንደሆነ ነው። አዎ፣ ይቻላል። እኔ በራሴ መኪና ላይ ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ። የመጀመሪያውን አበላሽቼዋለሁ፤ የምነግርህም ከዚያ የተማርኩትን ነው።

መጀመሪያ ችግሩ እሱ መሆኑን አረጋግጥ። ሞተሩን አጥፋ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀል፣ ቺንጋው በየት በየት እንደሚዞር በስልክህ ፎቶ አንሳ። ፎቶውን በፍጹም እንዳትዘለው፤ ስትመልሰው ይጠፋብሃል። ከዚያ ቺንጋውን አውጣና እያንዳንዱን ፑሌጃ በእጅህ አዙር። ደህና ኩሽኔታ ድምፅ የለውም፤ ውስጡ ግራሶ ስላለ ትንሽ ከበድ ብሎ ይዞርና ይቆማል። ያለቀው ወይ አሸዋ የገባበት ይመስል ይንኮሻኮሻል፣ ወይ ደግሞ አንዴ ስትገፋው ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ይሄ ሁለተኛው ብዙ ሰው ያታልላል። «እንዴት ቀሎ ይዞራል!» ብለው ይተዉታል። የቀለለው ግን ግራሶው ስላለቀ ነው። ወዲህና ወዲያም ነቅንቀው፤ ከተላወሰ አልቋል። እግረ መንገድህን ዲናሞውንና የውሃ ፓምፑንም እንደዚሁ እያቸው።

ፑሌጃው ፕላስቲክ ሆኖ ኩሽኔታው አብሮ የተቀረጸ ከሆነ አትድከም፣ በሙሉ ቀይረው። ብረት ከሆነና ኩሽኔታው በመያዣ ቀለበት ወይም በጥብቀት ብቻ የተቀመጠ ከሆነ ግን ይወጣል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ የታይሚንግ ቺንጋ (የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ የሚያቀናጀው) ፑሌጃ ከሆነ እኔ በኩሽኔታ ብቻ አላልፈውም። እሱ ከተሰበረ በብዙ ሞተሮች ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። እዚያ ላይ ሙሉውን ግዛ።

ቁጥሩ ኩሽኔታው ጎን ላይ ተጽፏል። የእኔ 6203 ነበር፤ የውስጥ ቀዳዳው 17 ሚሊ፣ ውጩ 40፣ ውፍረቱ 12። 6202 ከሆነ 15፣ 35 እና 11 ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ 2አርኤስ (2RS) የሚል ካለ ሁለቱም ጎን በጎማ የተዘጋ ነው፤ ዜድዜድ (ZZ) ከሆነ በብረት ነው። ውሃና አቧራ ለሚረጭበት ቦታ የጎማውን እመርጣለሁ። ቁጥሩ ከጠፋ በካሊፐር ለካው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የመጀመሪያውን ስቀይር አዲሱን ኩሽኔታ መሃሉ ላይ በመዶሻ እየመታሁ አስገባሁት። በደንብ ገባ፣ ደስ አለኝ። ወር ሳይሞላው እንደገና ማጉረምረም ጀመረ። ለካ የውስጡን ቀለበት ስትመታ ኃይሉ የሚያልፈው በኳሶቹ በኩል ነው። ኳሶቹ የሚሽከረከሩበትን መንገድ ይሰረጉዱታል። በዓይን አይታይም፤ ኩሽኔታው ግን ገና ሳይሠራ ተጎድቷል። ፑሌጃ ውስጥ ስታስገባ መገፋት ያለበት የውጩ ቀለበት ብቻ ነው።

ሁለተኛውን ሌሊቱን ሙሉ ፍሪዘር ውስጥ አሳደርኩት፤ ብረት ሲቀዘቅዝ ትንሽ ይኮማተራል። ከዚያ በውጩ ቀለበት ልክ የሆነ ቡሶላ (የቡሎን መፍቻ ክብ ራስ) ደግፌ፣ በሞርሳ ቀስ እያልኩ ጨመቅኩት። መዶሻ አልነካሁም። ወደ አንድ ጎን ካጋደለ እንዳታስገድደው፤ አውጥተህ ቀጥ አድርገህ እንደገና ጀምር። አሮጌውን ስታወጣ ግን የፈለግከውን ቦታ ምታ፣ የሚጣል ነው። ፑሌጃውን ብቻ ዙሪያውን በደንብ ደግፈው፣ እንዳይጣመም።

ሮንዴላዎቹንና የአቧራ መከላከያውን በወጡበት ተራ መልስ። ቡሎኑን ስትፈታ እምቢ ካለህ ጉልበት ከመጨመርህ በፊት አቅጣጫውን አጣራ፤ አንዳንድ መወጠሪያዎች በግራ የሚጠብቅ ጥርስ አላቸው። በዚህ ምክንያት የተበጠሰ ቡሎን አይቻለሁ፤ ጣጣው ከኩሽኔታው ይብሳል።

ገጥመህ ስታስነሳው ጩኸቱ ካልጠፋ፣ ፑሌጃው ከሌሎቹ ጋር በአንድ መስመር ላይ መሆኑን ከጎን ሆነህ እይ። የኩሽኔታህን ቁጥር ካገኘኸው እዚሁ ጻፈው፤ አብረን እናየዋለን።