ስለ ኮይ ዓሣ ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው ስለ ጃፓኑ ባለ ቀለም ካርፕ፣ ስለ ኮይ፣ በጨረፍታ ካነሳሁ ወዲህ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። የተወሰኑትን ልመልስ።

አንድ ዓሣ ከሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ የሚባለው እውነት ነው? (ከአዳማ)

እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሂሮሺማ ላይ አንዲት ኮይ በ203 ሚሊዮን የን ተሸጣለች። በጊዜው ምንዛሪ 1.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ኮሃኩ የሚባለው ዓይነት ናት፤ መደቡ ነጭ፣ ጥለቱ ቀይ። ገዢ አስቀድሞ የሚያየው ቁመናን ነው፤ ከዚያ የነጩን ጥራት፣ የቀዩን ድምቀትና የጠርዙን ልክ። አብዛኛው ኮይ ግን የዚህን ዋጋ ሽራፊ እንኳ አያወጣም።

ድሮ የነገሥታት ዓሣ ነበር አይደል? (ከሐዋሳ)

አልነበረም። እኔን የሚማርከኝም ይኸው ነው። ኮይ የገበሬ ዓሣ ነው። በኒጋታ ተራሮች፣ ያማኮሺ አካባቢ፣ በክረምት በረዶው መንገድ ይዘጋል። ሩዝ አምራቾቹ ካርፕ የሚያረቡት ለዚያ ወቅት ምግብ እንዲሆናቸው ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከጥቋቁሮቹ መሃል ቀይና ነጭ ጣል ያለባቸው ብቅ አሉ። ገበሬዎቹም አልበሏቸውም፤ ምርጥ ዘር እንደሚለይ ሰው ለይተው አስቀሯቸው። ልጆቻቸውም እንዲሁ። ከተማው በደንብ ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1914 የቶኪዮ ኤግዚቢሽን ላይ ነው። ወደ ቤተ መንግሥት የዘለቀውም ያኔ፣ ለአልጋ ወራሹ ተበርክቶ ነው።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2004 ያማኮሺን የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። መንገዱ ሁሉ ተቆረጠ፤ ሕዝቡ በሄሊኮፕተር ወጣ። ብዙ ዓሣ አለቀ። ከተረፉት ደግሞ በኋላ በሄሊኮፕተር የወጡ አሉ። ይህን ስሰማ አልገረመኝም። ያ ዓሣ እንጀራቸው ነው፤ የአያት የቅድመ አያቶቻቸውም ልፋት ነው።

ጃፓኖች በዓሣ ቅርፅ የተሰፋ ጨርቅ የሚሰቅሉት ለምንድን ነው? (ከደሴ)

በልጆች ቀን ነው፤ ሜይ 5፣ በእኛ የአርበኞች ቀን ሚያዝያ 27 መሆኑ ነው። በጥንት የቻይና አፈ ታሪክ ፏፏቴውን ሽቅብ የወጣ ካርፕ ዘንዶ ይሆናል። ወላጅም ለልጁ ያንን ብርታት ይመኛል።

ኮዮቼ ኩሬ ሞሉብኝ። ዝዋይ ሐይቅ ልልቀቃቸው? (ከቢሾፍቱ)

እባክዎ አያድርጉት! ካርፕ ጭቃ እየቆፈረ ነው የሚመገበው። ውኃ ያደፈርሳል፣ ተክል ይነቅላል። ዝዋይ ከውጭ የመጣ ካርፕ ቀድሞውንም አለበት። ከኩሬ የሚሄድ በሽታ ሲጨመርበት ደግሞ የዓሣ አጥማጁን ኑሮ ይነካል። ኩሬ ላለው ሰው ይስጧቸው። እስኪያገኙ ወንዱንና ሴቷን ለይተው ያስቀምጡ።